ሌባው ቤት ውስጥ ከሆነስ? የሳይበር አዳኞች ውሎና አዳር

ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመውን የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ አሠርታ ያስረከበችው ይህ ሕንጻ የተመረቀው በጥር 2004 ዓ.ም. ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የኅብረቱ የኮምፒውተር ባለሙያዎች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋሉ። ሠራተኛው ወደየቤቱ ሄዶ ሕንጻው ባዶ በሆነበት ሰዓት ሰርቨሮቹ ሥራ ይበዛባቸዋል። ያውም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 8። ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም. እንደዘገበው፣ የኅብረቱ መረጃ በየሌሊቱ እየተቀዳ ሻንጋይ ወደሚገኙ ሰርቨሮች ሲላክ ኖሯል። ቻይና ወሬውን መሠረተ ቢስ ብላ አስተባብላለች፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪም በወቅቱ ሐሰት ነው ብለዋል። ጋዜጣው ያናገራቸው የውስጥ ሰዎች ግን ኅብረቱ የራሱን ሰርቨሮች እስከ መግዛት ደርሷል ይላሉ።

ሁለተኛው ታሪክ ይብሳል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሮይተርስ ይዞት በወጣው ዘገባ መሠረት ጥቆማው የመጣው ከጃፓን ነው። የጃፓን ባለሙያዎች አጠራጣሪ ነገር አይተው ለኅብረቱ ያሳውቃሉ፤ የኅብረቱ ቴክኒሻኖች ሲፈትሹ የደህንነት ካሜራዎቹ የቀረጹት ምስል እየተሰረቀ ወደ ውጭ ሲላክ ያገኙታል። በዚህኛው ጊዜ ሌሊት የለም። ስርቆቱ የሚካሄደው በሥራ ሰዓት፣ ሠራተኛው ኢሜይል ሲልክና ሲቀበል በሚፈጠረው ግርግር ውስጥ ተደብቆ ነው። በምሳ ሰዓት የግቢው የኢንተርኔት አጠቃቀም ቀነስ ሲል የሌቦቹም ጭነት አብሮ ቀነስ ይል ነበር ይላል ዘገባው። ጥርጣሬው ከቻይና ጋር ግንኙነት አለው በሚባል ቡድን ላይ ወደቀ፤ ቻይና አሁንም አስተባበለች።

ማን ሠራው የሚለውን ለዲፕሎማቶች እንተወው። እኔን ያስገረመኝ የምሳው ሰዓት ነው። ምሳ የምንወጣበትን ሰዓት ሳይቀር አጥንቶ የሚሰርቅን ሌባ የትኛው የማንቂያ ደወል ይጮህበታል? አይጮህም። ሰው ተቀምጦ ካልፈለገው በቀር አይገኝም። ይህን ፍለጋ የዕለት እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ በሙያው ቋንቋ ትሬት ሃንተር ይባላሉ። እኔ የሳይበር አዳኝ እላቸዋለሁ። አንዷ ታናሽ እህቴ ናት።

ዘበኛው በር ላይ ነው

ቤተሰቦቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። እናታችን ልጇ ምን እንደምትሠራ ጎረቤት ሲጠይቃት ለረጅም ጊዜ መልሷ አንድ ነበር፤ ባንክ ናት። ገንዘብ ትቆጥራለች ወይ ሲሏት፣ ኧረ ኮምፒውተር ነው የምታየው ትላለች። ሌሊት ለምን ትሠራለች የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን እናቴ ትጨነቅ ነበር። ያላገባች የ27 ዓመት ልጅ ማታ 2 ሰዓት ወጥታ ጠዋት 2 ሰዓት ስትመለስ ሰፈር ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

በመጨረሻ ነገሩን ለእናቴ ያስረዳኋት በኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ነው። ጋሽዬ በር ላይ ተቀምጠው የሚገባና የሚወጣውን ያያሉ፤ የማያውቁትን ሰው ወዴት ነህ ይላሉ። የኩባንያ ፋየርዎልና አንቲቫይረስ ሥራቸው ይኸው ነው። አሁን ግን አንድ ሰው የነዋሪ ቁልፍ አስቀርጾ፣ የነዋሪ ጃኬት ለብሶ፣ እንደምን አመሹ ብሎ ቢገባስ? ጋሽዬ እግዜር ይመስገን ብለው ያሳልፉታል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው አራተኛ ፎቅ ባዶ ቤት ውስጥ ቢከርም ማን ያውቃል? የእህቴ ሥራ ሌባው አስቀድሞ ገብቷል ብሎ ማሰብ ነው። ማንም ሳይጠራት፣ ደወልም ሳይጮህ፣ ፎቅ ለፎቅ እየዞረች የማን መብራት በማይገባ ሰዓት እንደበራ፣ የማን ቆሻሻ ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ እንደሆነ ታያለች። እናቴ ይህን ሰምታ ምን አለች? ታዲያ ለዚህ ነዋ ስታገባ ሰው የማታምነው! (እስካሁን አላገባችም፤ እሱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።)

ስለ መሥሪያ ቤቷ የምጽፈው ይህን ያህል ነው፤ ሰንጋ ተራ አካባቢ ካሉት ባንኮች አንዱ ነው። ከዚያ በላይ እሷም አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። ባለትዳሮቹ የሥራ ባልደረቦቿ ለሚስትና ለባል እንኳን ዛሬ ይህን አየን ብለው አይናገሩም። ስለ ሥራው ዘዴ ግን ለሰዓታት ታወራለች፤ እኔም በማርኬቲንግ ሙያ የተማርኩትን ያህል ከእሷ ተምሬያለሁ።

የ75 ሳንቲም ጉድለት

አደኑ የሚጀምረው ከመላምት ነው። አዳኙ ጠዋት መጥቶ ዛሬ ምን ጮኸ ብሎ አይጠይቅም። ‹‹እኔ ሌባ ብሆን እንዴት እገባ ነበር? ገብቼስ የት እደበቅ ነበር?›› ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ወደ መዝገቡ ይሄዳል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ማን መቼ እንደከፈተው፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሠራ፣ ወዴት እንደተገናኘ ይመዘግባል፤ ሎግ የሚባለው ይኸው ነው። አንድ መካከለኛ ድርጅት በቀን የሚያመርተው ሎግ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያነበው የሚችል አይደለም። ስለዚህ አዳኙ መጠይቅ ጽፎ መዝገቡን ያበጥራል። ሌቦች የሚጠቀሙባቸውን ዘዴዎች አንድ በአንድ መዝግቦ ለዓለም በነጻ ያቀረበ ማይተር የተባለ የአሜሪካ ተቋም አለ፤ አታክ የሚሉት ይህ መዝገብ የሙያው ዳዊት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምሳሌ ልስጥዎት። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ስውር ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከላኪው ትእዛዝ ለመቀበል ወደ ውጭ ይደውላል። በየ60 ሴኮንዱ፣ ወይም በየአምስት ደቂቃው። ጥሪው ራሱ ትንሽ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ግን ሰው እንዲህ አይሠራም። ሰው ቡና ይጠጣል፤ ስልክ ያወራል፤ ሽንት ቤት ይሄዳል። ሌሊትና ቀን ሳይል ልክ በየአምስት ደቂቃው አንድ አድራሻ የሚያንኳኳ ነገር ሲታይ ከበስተጀርባው ማሽን አለ ማለት ነው። ይህን የገባቸው ሌቦች ደግሞ ጥሪውን ሆን ብለው ያዘባርቁታል፤ አንዴ በአራት፣ አንዴ በሰባት ደቂቃ። አዳኞቹም ለዚያ ሌላ ዘዴ አላቸው። ድመትና አይጥ እንደሚባለው ነው።

ሙያው እንዲህ የሚል ስም ሳይኖረው በፊት የሠራው ሰው አሜሪካዊው ክሊፍ ስቶል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ 75 ሳንቲም ጎደለ። አለቃው እስቲ አጣራው ይሉታል። ስቶል በትምህርቱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። ሌላ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ይተካው ነበር፤ እሱ ግን ለወራት ተከታተለው። መጨረሻው ጀርመን ሃኖቨር ተቀምጦ የአሜሪካን ወታደራዊ ኮምፒውተሮች እየበረበረ ለሶቭየቱ ኬጂቢ መረጃ የሚሸጥ ሰው ሆኖ ተገኘ። እህቴ ይህን ታሪክ ትወደዋለች። እኔም የቢዝነስ ትምህርት ቤት መምህራኖቻችን ስለ ሒሳብ ሚዛን ሲያስተምሩን ቢነግሩን ኖሮ እንቅልፋችን ይቀንስ ነበር እላለሁ።

ፍለጋው ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቁጥር ይበቃል። ማንዲያንት የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2011 ሰርጎ ገቦች ሳይታወቅባቸው ውስጥ የሚቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 416 ቀን ነበር። ከዓመት በላይ ማለት ነው። በ2023 ወደ 10 ቀን ወርዷል። ለዚህ አንዱ ምክንያት አዳኞቹ መብዛታቸው ነው፤ ሌላው ምክንያት ደግሞ ደስ አይልም። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች ስለበዙ ራሳቸው እዚህ ነን ይላሉ።

ሦስት ሰዓት፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠር

የአገራችን አዳኞች ብቻ ያለባቸው አንድ ፈተና አለ፤ ስሰማው ስቄያለሁ። ኮምፒውተሮቹ መዝገባቸውን የሚይዙት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ የምንቆጥረው በራሳችን ሰዓት ነው። ስለዚህ መዝገቡ 21:00 ሲል የግድግዳው ሰዓት እኩለ ሌሊት ይላል፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በስልክ ሲጠየቅ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይላል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ‹‹ትናንት 3 ሰዓት ላይ ገብቼ ነበር›› የሚል ሠራተኛ ጠዋት ነው ማታ ሳይባል ከታለፈ ንጹሕ ሰው ይጠረጠራል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር፣ መዝገቡ በፈረንጁ። እህቴ ጠረጴዛዋ ላይ የሰዓት ማነጻጸሪያ ወረቀት ለጥፋለች አሉ፤ አንደኛ ክፍል የሚለጠፈውን የመሰለ።

ሰዓት ቀልድ እንዳልሆነ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ባንክ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሌቦች በባንኩ ስም ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የክፍያ ትእዛዝ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ላኩ። የመረጡት ሐሙስ ማታን ነው። ባንግላዴሽ ዓርብ ሥራ የለም። ዳካ ሲነቃ ኒው ዮርክ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሰኞ ደግሞ ገንዘቡ በሄደበት በፊሊፒንስ የቻይና አዲስ ዓመት በዓል ነበር። የክፍያ ትእዛዞችን የሚያትመው ፕሪንተር አልሠራም ሲል ሠራተኞቹ የተለመደ ብልሽት መሰላቸው። አብዛኛው ክፍያ ኒው ዮርክ ላይ ተያዘ፤ 20 ሚሊዮን ዶላር ወደ ስሪላንካ የሄደው ደግሞ ሌቦቹ ፋውንዴሽን የሚለውን ቃል ሲጽፉ ፊደል ስለሳቱ ተነቃበት። 81 ሚሊዮን ዶላር ግን ፊሊፒንስ ደርሶ በቁማር ቤቶች በኩል ጠፋ።

እኔን ያሳዘነኝ መጨረሻው አይደለም። የአሜሪካ መርማሪዎች በኋላ እንዳስረዱት፣ ሌቦቹ የሥራ ማመልከቻ የሚመስል ኢሜይል ለባንኩ ሠራተኞች መላክ የጀመሩት ከዓመት በፊት ነው። ዓመት ሙሉ ውስጥ ተቀምጠው የባንኩን ሥራ አጠኑ። ፕሪንተሩ ከመቆሙ በፊት ለአዳኝ የሚሆን ዱካ የነበረባቸው ብዙ ቀናት አልፈዋል።

የሰንጋ ተራ ባንኮች ይህን ታሪክ በቃላቸው ያውቁታል። ለዚህም ነው ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ለእህቴ የሥራ ቀን የሆኑት። ቢሮ ባዶ የሚሆንበት ቀን ለሌባ በዓሉ ነው። ባለፈው ፋሲካ እኛ ዶሮ ስንበላ እሷ ሶክ በሚሉት የደህንነት መቆጣጠሪያ ማዕከል ነበረች፤ ምግቧን በምሳ ዕቃ ቋጥሬ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

እኛስ ተነክተናል?

በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት ሰሞን፣ የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የጥቃት ሙከራ ተደረገ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ የዛሬው ኢመደአ፣ ከግብፅ የተነሱ ናቸው ያላቸውን ቡድኖች በስም ጠርቶ አሳወቀ፤ አንዱ ሳይበር ሆረስ ግሩፕ ይባላል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ መሥሪያ ቤት ዛሬም የሙያው ትልቁ ትምህርት ቤት ነው፤ በግል ባንኮችና በቴሌኮም ድርጅቶች ከሚሠሩት ብዙዎቹ አንድ ጊዜ በዚያ በር ያለፉ ናቸው።

ሁላችንም የምናስታውሰው ግን ሌላ ሌሊት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣት እንደሚችሉ የደረሱበት ሰዎች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ወሬው በቴሌግራም ከማሽኑ ፈጥኖ ደረሰ። ባንኩ እንዳስታወቀው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ በዚህ መንገድ ወጥቷል፤ በኋላም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደርሷል። ባንኩም ብሔራዊ ባንክም ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ በሲስተም ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር እንደሆነ ገልጸዋል። እኔ ይህን የማነሳው ባንኩን ለመውቀስ አይደለም። ሌሊት በሲስተም ላይ የሚታይ እንግዳ ነገር ጥቃት ይሁን ብልሽት ጠዋት ድረስ መጠበቅ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ከኤቲኤሙ ፊት የቆመው ተማሪም የአንዳችን ልጅ ነበር።

የውጭ ሌባ ብዙ ይወራለታል። እህቴን ሲያስጨንቃት የማየው ግን ይሉኝታ ነው። ‹‹የይለፍ ቃልህን ስጠኝ፣ ሥራው እንዳይቆም›› ሲባል አልሰጥም ማለት በእኛ አገር ስስት ይመስላል፤ ወይም አላምንህም ብሎ መስደብ። ታዲያ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ስም በሲስተሙ ውስጥ ሥራ ሲሠራ ይገኛል። አዳኙ ይህን ሲያይ ልቡ ይመታል፤ ሌባ ሊሆን ይችላላ። ሲጣራ ጓደኛው ነው፤ ደብዳቤ ሊያትም ገብቶ ነው። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ሙሉ ሌሊት ይፈጃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዱካው አብሮ ምሳ ወደሚበላ ሰው ሲመራ ነው። ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ ቀና ብለው እንደምን አደርክ ማለት አለብዎት። ተጠርጣሪው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ተጠርጥሮ እንደነበር ማወቅ የለበትም። ይህን ሸክም ይዞ መኖር ትምህርት ቤት አያስተምርም።

የእኛ ሙያና የእነሱ ወጥመድ

አስጋሪዎች የሚልኩትን ኢሜይል እህቴ አንድ ቀን ስታሳየኝ ደነገጥኩ። የማርኬቲንግ ጓደኛ የጻፈው ይመስላል። ‹‹ዛሬ ብቻ››፣ ‹‹የተመረጡት ደንበኞቻችን››፣ ‹‹ሒሳብዎ ከመዘጋቱ በፊት›› ይላል። ሰውን የሚያጣድፉት ቃላት እነዚሁ ናቸው፤ እኛ ለፋሲካ ቅናሽ እንጠቀምባቸዋለን፣ እነሱ ለዝርፊያ። ከዚያ ወዲህ ቢሮዬ ውስጥ የሚያጣድፍ መልእክት ለመላክ ስንዘጋጅ እቃወማለሁ። ደንበኛችንን በጥድፊያ ካስለመድነው ነገ ሌባው ሲያጣድፈው ለይቶ የሚያውቅበትን እኛው ነጠቅነው ማለት ነው። አለቃዬ በዚህ አይስማማም።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ወጥመዱ ኪሳችን ገብቷል። ሽልማት ደርሶዎታል ብሎ ይደውላል፤ ከዚያ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ንገሩኝ ይላል። ያ ቁጥር የበር ቁልፍ ነው። የትኛውም እውነተኛ የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ አይጠይቀውም፤ ነጥብ።

ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ትንሽ አደን ግን አለ፤ ዛሬ ማታ ይሞክሩት። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስስ የሚለውን ይክፈቱ። የእርስዎ አካውንት በአሁኑ ሰዓት በየትኛው ስልክና ኮምፒውተር ላይ እንደተከፈተ በዝርዝር ያሳይዎታል። ዋትስአፕም ሊንክድ ዲቫይስስ የሚል ተመሳሳይ ቦታ አለው። ባለፈው ዓመት መስቀል ዕለት እህቴ የአክስታችንን ስልክ ተቀብላ ይህንኑ ስታይ ሦስት መሣሪያ ተዘረዘረ። አንዱ በእጃቸው ያለው ስልክ ነው። ሁለተኛው የልጃቸው ላፕቶፕ። ሦስተኛውን ማንም አያውቀውም፤ ግን ትናንት ተከፍቷል ይላል። አክስቴ ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ ትዝ አላቸው፤ ከስምንት ወር በፊት የሸጡት አሮጌው ስልካቸው ነው። የቤተሰብ ግሩፑ፣ የዕቁቡ ሒሳብ፣ ውጭ አገር ካለችው ልጃቸው ጋር ስለ ሕክምናቸው የተጻጻፉት ሁሉ ስምንት ወር ሙሉ በማያውቁት ሰው እጅ ነበር። አንብቦት ይሁን አይሁን አሁንም አይታወቅም። እህቴ በአንድ ጣት ዘጋችው። አክስቴ ግን ያን ቀን ችቦውን እንኳ ደህና አድርገው አላዩም፤ ምን ጽፌ ነበር እያሉ ወደ ኋላ ሲያነቡ አመሹ።

ይህ የቤት ውስጥ ጨዋታ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ2020 ፋየርአይ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የደህንነት ኩባንያ ራሱ መጠቃቱን የደረሰበት በአንድ ሠራተኛ ስም ሁለተኛ ስልክ ተመዝግቦ ስላየ ነው። ሠራተኛውን ደውለው አንተ ነህ ወይ ቢሉት፣ አይደለሁም አለ። ያንን ክር ሲስቡ ሶላርዊንድስ የተባለ ኩባንያ ለ18,000 ያህል ደንበኞቹ ባሰራጨው የሶፍትዌር ማሻሻያ ውስጥ የስለላ ፕሮግራም ተደብቆ ተገኘ፤ ከደንበኞቹ መካከል የአሜሪካ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። ሁሉም ነገር የጀመረው ከአንድ የማይታወቅ ስልክ ነው።

ልጄ ይህን ቢማርስ?

ወላጆች የሚጠይቁኝ ይህን ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር ምህንድስና የተለመደው በር ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ስቶል እንዳሳየው ቁልፉ ትዕግሥትና ጥርጣሬ ነው። ስታትስቲክስና ሒሳብ የሚወድ ልጅ፣ ለምን ሆነ ብሎ የሚነዘንዝ ልጅ ይሆነዋል። ኢመደአ በክረምት ወጣቶችን ሰብስቦ የሚያሠለጥንበት የሳይበር ታለንት መርሐ ግብር አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነጻ ነው፤ ስለ ሳይበር በቀጥታ ባይሆንም የመረጃ ትንተና መሠረቱን ያስይዛል። ሊኑክስና የኔትወርክ ፍሰት የሚታይበት ዋየርሻርክ የሚባለው መሣሪያም ዋጋ የላቸውም።

ዋጋ ያለው የምስክር ወረቀቱ ነው። ቀጣሪዎች የሚፈልጓቸው ዓለም አቀፍ ፈተናዎች የሚከፈሉት በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንድ ፈተና ክፍያ ለጀማሪ ባለሙያ የብዙ ወር ቁጠባ ሆነ ማለት ነው። ድርጅቱ ከፍሎ የሚያስፈትነው ከሆነ ደግሞ ይህን ያህል ዓመት አገልግል የሚል ውል ይከተላል፤ ሳያነቡ አይፈርሙ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ለልጅዎ ይንገሩት። ልምምድ የሚደረገው ለልምምድ በተሠራ ሲስተም ላይ ነው። የትምህርት ቤቱን ውጤት መዝገብ ወይም የጎረቤትን ዋይፋይ ለሙከራ ብሎ መስበር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፤ ምንም አልወሰድኩም ማለት አያድንም። የሰው መረጃ ጉዳይም በ2016 ዓ.ም. የራሱን አዋጅ አግኝቷል፤ ቁጥሩ 1321 ነው።

ስለ ሥራው ኑሮ ደግሞ እውነቱን ልናገር። ከአሥር አደን ዘጠኙ ባዶ እጅ ነው። እህቴ ብዙ ሌሊት የምታስረክበው ሪፖርት ‹‹መላምቱ ተፈትሿል፤ ምንም አልተገኘም›› የሚል ነው። በእኔ ሙያ ወር ሙሉ ምንም አልተሸጠም ብል ከሥራ እባረራለሁ። ለእሷ ያ መልካም ዜና ነው፤ ግን አለቆች በጀት ሲያጸድቁ ምንም ያላገኘን ሰው ደመወዝ መጨመር ይከብዳቸዋል። እንቅልፏ ተዛብቷል። ቀን ስትተኛ የልደታ ማርያም የክብረ በዓል ቀን ድምፅ ማጉያ አለ፤ የፎቁ ልጆች አሉ፤ እናቴም ቀስ ብላ እየገባች በላሽ ወይ ትላታለች።

በጥቅምት ወር ከዱባይ የሥራ ግብዣ መጣላት። እዚሁ ቤት ቁጭ ብላ በኢንተርኔት የምትሠራው ነው፤ ክፍያው በዶላር፣ ሰዓቱ የቀን። አባቴ ምን ያጠራጥራል አለ። እናቴ የሰፈሩ ወሬ ስለሚያበቃ ደስ አላት። እህቴ ግን ሦስት ሳምንት ዝም ብላ ከረመች። በመጨረሻ የጠየቀችን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ‹‹እኔ ከሄድኩ በእኔ ተራ ሌሊቱን የሚያየው ሰው ገና አልተቀጠረም። የእናንተም ደብተር እዚያው ባንክ ነው አይደል?›› አባቴ መልስ አልነበረውም። እስከ ሰኔ ድረስ ተተኪዋን አሠልጥና ለመልቀቅ ተስማምታለች፤ አሁን ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁለት ሆነው ነው የሚገቡት።